ስለ ተጠማዘዘው ሽቦ
የአዘጋጁ ማስታወሻ

ይህ እትም የተሰናዳው በልጆች እጅ ታጥፎ መኪና ስለሚሆነው፣ በጠቢብ እጅ ደግሞ ስሙ የማይታወቅ ረቂቅ ቅርጽ ስለሚወጣው ስለ ሽቦ ነው።

አሜሪካዊው አሌክሳንደር ካልደር እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ በፓሪስ ከተማ ሽቦን በፒንሳ እያጠማዘዘ የሰርከስ ትርኢት ማበጀቱ በታሪክ የተጻፈ ነው፤ እኛን ይበልጥ የሚመለከተን ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወልዶ በዚያው በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረው ኤልያስ ስሜ፣ አገልግሎታቸውን ከፈጸሙ ኮምፒዩተሮችና ስልኮች የወጣውን ባለ ብዙ ኅብር ሽቦ ከመርካቶ እየገዛ፣ በትዕግሥት እየጎነጎነና በጣውላ ላይ እያሰካካ፣ ከግድግዳ የሚሰፋ ሥራ ማቅረቡ ነው። ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተው ዞማ ሙዚየምም እ.ኤ.አ. በ2019 በመካኒሳ በሩን ከፍቷል።

«ምንን ይመስላል?» እያሉ ይህን ጥበብ የሚነቅፉ አሉ። እነዚህ ነቃፊዎች (ደግሞም አብዛኞቹ የብራና መጻሕፍት አክባሪዎች ናቸው) በወንጌሉ ገጽ አናት ላይ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ መስመር እርስ በርሱ እየተጠላለፈ የሚወርደው ሐረግ ሰውንም እንስሳንም ሳይመስል ስንት ዘመን ዓይንን ሲያስደስት እንደ ኖረ ቢያስተውሉ፣ ነቀፌታቸው መሠረት የሌለው መሆኑ በተገለጠላቸው ነበር።

ሽቦ የሚያጥፍ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ሆይ፣ ሥራውን ከመጣላችሁ በፊት ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ለዝግጅት ክፍላችን እንድትልኩልን በትሕትና እንለምናለን።