ሙሴ ፈሪ ነበር ወይ?

ሰሞኑን በክፍል ውይይታችን አንዱ ጓደኛችን ተነሥቶ «ሲጠራ 5 ጊዜ ያመካኘ ሰው ፈሪ እንጂ ሌላ ምን ይባላል?» ቢል ተሳቀ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ። እኔ ግን ሣቁ አልተዋጠልኝም። ለመሆኑ ዘፀአት 3ንና 4ን አንብበነዋል?

እስቲ እንቁጠረው። ሙሴ በኮሬብ፣ በሚነደው ቁጥቋጦ ፊት፣ መጀመሪያ ለዚህ ሥራ እኔ ማን ሆኜ ነው አለ፤ ቀጥሎ የላኪውን ስም ጠየቀ፤ ሕዝቡ አያምነኝም አለ፤ ምላሴ ኮልታፋ ነው አለ፤ በመጨረሻ ሌላ ሰው ይላክ አለ። ቁጣ የመጣው በ5ኛው ላይ ብቻ ነው። ያውም ከቁጣው ጋር ወንድሙ አሮን አፍ እንዲሆነው ተሰጠው። የፊተኞቹ አራቱ ግን አንድ በአንድ መልስ አግኝተዋል። ፈሪን ማን እንዲህ ቁጭ ብሎ ይሰማዋል?

መልሱንም ልብ በሉልኝ። «አንተማ በፈርዖን ቤት ያደግህ፣ የተማርህ ሰው ነህ» አልተባለም። የተሰጠው ተስፋ አብሮት እንደሚሆን ብቻ ነው። ከምድያማውያን ተሸሽጎ በወይን መጥመቂያ ውስጥ ስንዴ ሲወቃ የተገኘው ጌዴዎንም፣ ልጅነቱን ያመካኘው ኤርምያስም ያገኙት ይህንኑ ነው።

«ኢሳይያስስ? እሱ ወዲያው እሺ ብሎ የለ?» ትሉኝ ይሆናል። ብሏል። ግን መጀመሪያ ጠፋሁ ብሎ ጮኸ፤ ከመሠዊያው የተወሰደ ፍም ከንፈሩን ነካው። እሺ ካለም በኋላ የተላከው ወደማይሰማ ሕዝብ ነው። ይኼ ሹመት ነው እንዴ?

ሳይንገራገር የሚናገር ሰው ከፈለጋችሁ ኤርምያስ 28ን ግለጡ። ሐናንያ ቀንበሩን ከኤርምያስ አንገት ወስዶ ሰበረ፤ በ2 ዓመት ውስጥ ከባቢሎን ነፃ እንወጣለን ብሎ በካህናቱና በሕዝቡ ፊት አወጀ። ኤርምያስ ለምርኮኞቹ የጻፈላቸው ግን 70 ዓመት ነው። ለጆሮ የሚጥመው የሐናንያ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ገደማ ግን ኢየሩሳሌም ነደደች።

ነገ ከመካከላችን አስተማሪም፣ ሰባኪም፣ ጸሐፊም ይወጣል። «ተጠርቻለሁ» የሚለንም አይጠፋም። ያን ሰው ከማጨብጨባችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቀው፤ ስንት ጊዜ እምቢ ብለህ ነበር?

ተሳስተሃል የሚለኝ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ። መጽሐፉን አንብቦ ግን!