ዓሣውን ከመግዛታችን በፊት የቱን መጽሐፍ እንክፈት?

«ስለ ፈተና፣ ስለ ምግብ ቤትና ስለ አገር ጉዳይ በሚጻፍበት መጽሔት ስለ ዓሣ መጻፍ ምን ይሉታል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን፡፡ እኛም እስካለፈው ክረምት ድረስ ይህንኑ እንል ነበር፡፡ አሳባችንን የለወጡት በአንድ ሳምንት ውስጥ የሞቱ ስድስት ዓሦች ናቸው፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ አራት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተን አኳሪየም የሚባለውን የመስተዋት የዓሣ ገንዳ ከስድስት ወርቃማ ዓሦች ጋር ገዛን፡፡ ሻጩ የነገረን «ውሃው እንዳይቆሽሽ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፡፡ እኛም ትእዛዙን ከልክ በላይ ፈጸምን፤ በየማለዳው ውሃውን ሙልጭ አድርገን እየደፋን፣ ጠጠሩን እያጠብን፣ ከቧንቧ የተቀዳ አዲስ ውሃ ወዲያው እንሞላ ነበር፡፡ በሰባተኛው ቀን የመጨረሻው ዓሣ በጀርባው ተንሳፈፈ፡፡ መጽሐፍ ፍለጋ የተነሣነው ከዚያ በኋላ ነው፡፡ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው፡፡

ያገኘናቸውን መጻሕፍት በሁለት ወገን ልንከፍላቸው እንችላለን፡፡ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው፡፡) የመጀመሪያው ወገን የዓሣ መዝገብ ነው፡፡ አሜሪካዊው ዊልያም ኢንስ በ1935 ያሳተመው «ኤግዞቲክ አኳሪየም ፊሽስ» እና ጀርመኖቹ ሪልና ቤንሽ በ1982 ያወጡት የአኳሪየም አትላስ ከዚህ ወገን ናቸው፡፡ ሥዕላቸው ያማረ ነው፤ አትላሱም ዓሣው ሲያድግ የሚደርስበትን ርዝመትና የሚስማማውን ሙቀት በየተራ ይነግራል፡፡ ነገር ግን መዝገብ እንደ መዝገበ ቃላት ነው፡፡ ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው ይጠቅማል እንጂ ለጀማሪ ቋንቋ አያስተምርም፡፡

ሁለተኛው ወገን ከዓሣው በፊት ስለ ውሃው የሚናገር ነው፡፡ የእስቴፈን ስፖት የ1970 መጽሐፍና ዳያና ዋልስታድ በ1999 ስለ ዕፀዋት ገንዳ ያሳተመችው መጽሐፍ እዚህ ይመደባሉ፡፡ ጥፋታችንን የተረዳነው ከእነዚህ ነው፡፡ ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ የሚባል መርዝ ያስወጣል፡፡ በጠጠሩና በማጣሪያው ላይ የሚያድጉ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፡፡ እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ውስጥ በበቂ ሁኔታ እስኪራቡ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጃል፡፡ እኛ ግን ንጽሕና መስሎን በየቀኑ እያጠብን አስወገድናቸው፤ የቧንቧው ክሎሪን ደግሞ ባክቴሪያውንም የዓሣውንም ስንጥብ ጎዳ፡፡ ዓሦቻችንን የገደላቸው ስንፍና ሳይሆን ያላወቀ ትጋት ነበር፡፡

ስለዚህ ለጀማሪ የምንመክረው ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ስለ ውሃ የሚያስተምረውን ክፈት፣ መዝገቡን ኋላ ተመልከት፡፡ የስፖት መጽሐፍ ኬሚስትሪ ስለሚበዛበት ለጀማሪ ይከብዳል፡፡ የዋልስታድ ግን ከጠጠሩ ሥር አፈር አልብሶ፣ ዕፀዋት ተክሎ፣ በመስኮት ብርሃን መርዳትን ስለሚያስተምር ለተማሪ ኪስም ይስማማል፡፡

ይሁን እንጂ ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱም የእኛን ቤት አያውቅም፡፡ ገንዳው ይህን ያህል ዓሣ ይችላል የሚለው የተለመደ ስሌት የወጣው በባሕር ወለል አጠገብ ለሚኖሩ ሰዎች ነው፡፡ አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ናት፡፡ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ በእኩል ሙቀት ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፡፡ መጽሐፉ አራት ዓሣ ካለ እኛ ሦስት ማለት ይገባናል፡፡ ስለ ኅዳር ሌሊት ብርድና ማሞቂያው በርቶ ሳለ መብራት ስለ መጥፋቱም የሚነግረን ምዕራፍ የለም፡፡

የመጽሐፍ ጥፋት ደግሞ ከመስተዋቱ ውጭም ይሄዳል፡፡ የለንደን የአራዊት መኖሪያ የዓሣ ቤቱን በ1853 በከፈተ ማግሥት፣ በ1854 ፊሊፕ ጎስ «ዘ አኳሪየም» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ፡፡ ሕዝቡ መጽሐፉን እጅግ ወደደው፤ እየተከተለም ወደ ባሕር ዳር ወርዶ በዐለት መካከል ያለውን ሕይወት ለቃቀመው፡፡ የገዛ ልጁ ኤድመንድ በ1907 ባወጣው መጽሐፍ የዳርቻውን መራቆት በኀዘን ጽፎታል፡፡ የእኛም ታሪክ ከዚህ አይርቅም፡፡ እንቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን የዞረው አበባው ስላማረ ለኩሬ ጌጥ ተብሎ ነው፡፡ በ1965 በቆቃና በአዋሽ ታየ፤ በ2011 ደግሞ ጣና ላይ ታወቀ፡፡ በጣና ከሌላ ቦታ የማይገኙ የላቤኦባርበስ ወገን ዓሦች አሉ፡፡ «የሰለቸህን ዓሣና ተክል ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አትጣል» የሚል አንድ መሥመር በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሌለው መጽሐፍ፣ ምንም ያህል ቢያምር ለአገራችን ጀማሪ አይበቃም፡፡

ታዲያ ምን ይደረግ? አሳባችን ይህ ነው፡፡ ሠላሳ ገጽ የማይሞላ የአማርኛ መመሪያ እናዘጋጅ፡፡ ከሳይንስ ፋኩልቲ ያሉ ጓደኞቻችን ቁም ነገሩን ይስጡን፤ እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ቋንቋውን እናቅና፡፡ የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ክዳን በሌለው ዕቃ ቢያንስ አንድ ቀን ይቆይ፤ ውሃው በአንድ ጊዜ ከሩብ በላይ አይለወጥ፤ ማጣሪያው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ይታጠብ፤ ዓሣው በጥቂቱ ይጀመር፤ የሚሉት ትእዛዞች ከነምክንያታቸው ይጻፉ፡፡ ምክንያቱ ያልተነገረው ትእዛዝ ምን እንደሚያደርስ በስድስቱ ዓሦቻችን አይተነዋልና፡፡ የማባዣ መሣሪያው እጃችን ላይ አለ፤ ወረቀቱም ብዙ አይደለም፡፡

«ሰው ሳይጠግብ ስለ ጌጥ ዓሣ?» ለሚሉን ወገኖች መልሳችን አጭር ነው፡፡ በኩሬ ቆሮሶ ለሚያረባው ገበሬም አሞኒያው ያው አሞኒያ ነው፡፡ በመስተዋት ገንዳ ላይ በአማርኛ ማስረዳት ያቃተን ተማሪዎች በገበሬው ኩሬ ዳር ቆመን ምን ልንነግረው ነው? ዓሣ በብልሃት ይበላል ይባላል፤ ማርባቱም ከመብላቱ ያነሰ ብልሃት አይጠይቅም፡፡

ገንዳችን አሁን ባዶውን መስኮት ሥር ተቀምጧል፡፡ የመመሪያው የመጀመሪያ ምዕራፍ ተጽፎ ሳያልቅ ዓሣ ላንገዛለት ተስማምተናል፡፡ ሊረዳን የሚፈቅድ ሁሉ ስሙን ለመጽሔቱ አዘጋጆች ይስጥ፡፡