ፎቶው ከተነሣ በኋላ ማን ያጠጣል?

ውድ የገርጂ ነዋሪዎች፤ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአንድ ቀን መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። እኛም በየክረምቱ ለበጎ ፈቃድ ሥራ ዶማ ይዘን እንወጣለን፤ መልካም ነው። ግን በየካቲት ፀሐይ ጀሪካን ተሸክሞ የሚወጣው ማን ነው? ፎቶ አንሺውማ ያኔ የለም!

የቦይ ጠረጋውም ያው ነው። ደለሉን ዝቀን ዳር ላይ ከምረን እንሄዳለን፤ የማግስቱ ዝናብ መልሶ ይከተዋል። ታዲያ ምኑ ተጸዳ?

ተማሪዎችንም ስለ ሰፈር ፍቅር ግጥም እያስነበብን እንሸልማለን (ልጆቹ ምን ያድርጉ፣ ያዘዝናቸው እኛው ነን)። ሽልማቱ መጋቢት ላይ ይሁን፤ ችግኙን ላጸደቀ ልጅ ይሰጥ። የቲሸርቱም መዋጮ ለጋሪና ለአካፋ ይዋል። የሚቃወም ካለ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቶ ይናገር!