ሀ++ + ++ሀ ስንት ነው?

ኮምፒዩተር ሳይንስ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ የሲ ፕሮግራሚንግ ፈተና ላይ ሳይመጣ የማይቀር ጥያቄ ነው። ሀ 5 ቢሆን፣ ሀ++ + ++ሀ ስንት ይሆናል? (ፊደሉን አማርኛ ያደረግነው እኛ ነን።) ++ በሀ ላይ አንድ ይጨምራል፤ ከኋላ ሲሆን የድሮውን ዋጋ ይሰጣል፣ ከፊት ሲሆን አዲሱን። ስለዚህ 5 ሲደመር 7፣ 12 ያለ ነጥቡን ያገኛል፣ ሌላው ይወድቃል።

እኛ ግን የወደቀው ጥያቄው ነው እንላለን። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የሲ ስታንዳርድ አንድ ኦፐራንድ በአንድ ኤክስፕሬሽን ውስጥ እንዲህ ሁለት ጊዜ ከተቀየረ ውጤቱ ምንም ሊሆን ይችላል ይላል። አንዱ ኮምፓይለር 12፣ ሌላው 11 ቢያወጣ ሁለቱም ሕግ አልጣሱም። በጃቫ ቢሆን እሺ፤ ጃቫ «ከግራ ወደ ቀኝ» ብሎ ቆርጦታል። ሲ ግን አልቆረጠም። ታዲያ መልስ በሌለው ጥያቄ የተማሪ ነጥብ የሚቀነሰው በየትኛው ሕግ ነው?

ችግሩ የሚጀምረው በቃል ከምንሸመድደው የኦፐሬተሮች ቅድሚያ ሠንጠረዥ ነው። ተማሪው «ቅድሚያ» ሲባል ቀድሞ የሚሰላው ይመስለዋል። አይደለም! በ2 + 3 * 4 ውስጥ 3ን መደመርም ይፈልገዋል፣ ማባዛትም ይፈልገዋል፤ ሠንጠረዡ «የማባዛት ነው» ብሎ ይፈርዳል፣ በቃ። በቁጥሮቹ ቦታ ሦስት ፋንክሽኖች ቢኖሩ የትኛው ቀድሞ እንደሚጠራ ሲ አይወስንም።

ሠንጠረዡም ቢሆን ከሰማይ አልወረደም። ሀ & 1 == 0 ብላችሁ ብትጽፉ ሲ መጀመሪያ 1ን ከ0 ጋር ያወዳድራል፤ ማንም እንዲህ ማለት አይፈልግም። የሲ አባት ዴኒስ ሪቺ ራሱ በ1993 ባወጣው ጽሑፍ፣ ይህ የሆነው ከቢ ቋንቋ ወደ ሲ የሚደረገውን ሽግግር ለማቅለል እንደነበረና ቢቀየር ይሻል እንደነበር ተናግሯል። ፈጣሪው የተጸጸተበትን እኛ እንደ ዳዊት እንደግማለን።

ፓይተን ++ የሚባል የለውም። ስዊፍት በ2016 አስወጥቶታል። ጎ ደግሞ ኤክስፕሬሽን ውስጥ እንዳይገባ ከልክሎታል። «አእምሮ ያሠራል» የሚሉ መምህራን አሉ፤ ያሠራ ይሆናል፣ መሥሪያ ቤት ገብቶ እንዲህ የሚጽፍ ልጅ ግን ጓደኞቹን ያስለቅሳል። ቅንፍ እኮ በነፃ ነው!

ጥያቄው ይሰረዝ አንልም። ምርጫዎቹ ላይ አንድ ይጨመርልን፦ «ይህ መስመር እንዲህ መጻፍ የለበትም»።