የመርከብ ክፍልና የቤት ሰገነት

ሰው ቤትን በዓይኑ አይቶ ይመርጠዋል፤ ቤቱ ግን የሚመዘነው ተቀምጠው ሲኖሩበት ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰፊ መስሎ የታየው ክፍል ዕቃ ሲገባበት ይጠባል፤ ትርፍ መስሎ የታየው ሰገነትም ውሎ አድሮ የቤተ ሰቡ ዋና መቀመጫ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ክፍልና ሰገነት እንዴት ተመዛዝኖ እንደሚመረጥ ለመናገር አስበናል። የነገሩ መነሻ ቤት ሳይሆን መርከብ ስለ ሆነ፥ አንባቢዎቻችን ጥቂት እንዲታገሡን እንለምናለን።

በየካ ክፍለ ከተማ፥ በኮተቤ በኩል ካሉት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ባንደኛው በ4ኛው ፎቅ ላይ፥ የቅርብ ወዳጆቻችን የሆኑ ባልና ሚስት ይኖራሉ። ባልየው ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የተገለሉ ናቸው፤ እመቤቲቱም አምስት ልጆች አሳድገው ለወግ ለማዕርግ ያበቁ ናቸው። ቀድሞ ይኖሩበት የነበረው ቤት ከእንጦጦ ተራራ ሥር በፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ሲሆን፥ ግቢና የጓሮ አትክልት ነበረው። በአሜሪካ የምትኖረው ሴት ልጃቸው «ዕድሜና ጤና ሳለ ባሕር ላሳያችሁ» ብላ ለሰባት ሌሊት በመርከብ እንዲንሸራሸሩ ጋበዘቻቸው፤ የክፍሎቹንም ፕላን ከነዋጋው ላከችላቸው። ፕላኑን አብረን እንድንመለከት ስለ ጠሩን፥ ባንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቡናው ላይ ተገኘን።

መርከቢቱ «ስታር ኦፍ ዘ ሲስ» ትባላለች። በፊንላንድ አገር በቱርኩ ከተማ ተሠርታ በ2017 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ሥራ የጀመረች፥ በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር የመጀመሪያ ጉዞዋን ላደረገችው ለ«አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» ታናሽ እኅት ናት። ርዝመቷ 365 ሜትር ያህል ሲሆን 20 ፎቅ አላት፤ በያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሁለት ሰው ቢያርፍ 5,600 ያህል መንገደኞች ትይዛለች። በውኃ ላይ የምትሄድ ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ከተማ ብትሆንም፥ መንገደኛው የሚተኛበት ተራ ክፍል በእኛ ቤት ካለው ካንድ እልፍኝ አይበልጥም።

ከፕላኑ እንደ ተረዳነው ዋና ዋናዎቹ የክፍል ዓይነቶች አምስት ናቸው። አንደኛው በመርከቢቱ ሆድ ውስጥ ያለው፥ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ስፋቱ 15 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ ዋጋው ከሁሉ ይረክሳል፤ መብራቱ ሲጠፋ ግን ቀኑ ከሌሊቱ አይለይም። ሁለተኛው መስኮት አለው፤ ይሁን እንጂ መስኮቱ ስለማይከፈት ባሕሩን ያሳያል እንጂ ነፋስ አያስገባም። ሦስተኛው ወደ ባሕር የሚመለከት ሰገነት ያለው ነው፤ ክፍሉ 19 ካሬ ሜትር ገደማ ሲሆን፥ ሰገነቱ ሁለት ወንበርና አንድ ትንሽ ጠረጴዛ ያስቀምጣል። አራተኛው ሰገነቱ ወደ ውስጥ፥ በመርከቢቱ መካከል ወደ ተተከለው የአትክልት ስፍራ የሚመለከት ነው፤ ከላይ ሰማይ፥ ከታች ዛፍና ሰው ይታያል፥ ባሕሩ ግን አይታይም። አምስተኛው የሰገነቱ ወለል ከክፍሉ ወለል ጋራ አንድ ሆኖ፥ በውጭ በኩል ትልቅ መስተዋት የቆመለት ነው፤ የመስተዋቱ የላይኛው እኩሌታ በኤሌክትሪክ ወደ ታች ሲወርድ ነፋስ ይገባል።

እነዚህን እርስ በርሳቸው ስናመዛዝናቸው፥ እያንዳንዱ የሚሰጠውም የሚነሣውም ነገር አለ። ወደ ባሕር የሚመለከተው ሰገነት ከሰው ዓይን የተሰወረ ስለ ሆነ ነጠላ ለብሶ ለመቀመጥ ይመቻል፤ መርከቢቱ በፍጥነት ስትሄድ ግን ነፋሱ ይበረታል። ወደ አትክልቱ የሚመለከተው ከነፋስ የተጠለለ ነው፤ ነገር ግን ባንጻሩ ካለው ሰገነት የተቀመጠው ጎረቤት ስለሚያይ መጋረጃ መዝጋት ግድ ይሆናል። ባለ መስተዋቱ ክፍሉን ሰፊ አድርጎ ያሳያል። ይሁን እንጂ አንዱ ነፋስ ለመቀበል መስተዋቱን ባወረደ ጊዜ፥ ሌላው በአልጋው ላይ ሳለ ይበርደዋል፤ ሰገነት መሆኑም ቀርቶ ትልቅ መስኮት ይሆናል። ሰገነት ሰገነት የሚሆነው በሩን ዘግተው ከቤት ሳይርቁ ከቤት ሲወጡበት ነውና።

ከሰገነቱ ቀጥሎ የሚታየው የክፍሉ አሰላለፍ ነው። በነዚህ ክፍሎች ብዙውን ጊዜ መታጠቢያ ቤቱና ቁም ሳጥኑ ከመግቢያው በር አጠገብ ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ስፍራ ለአልጋውና ለሶፋው ይከፈላል። ባንዳንዱ ክፍል አልጋው ከሰገነቱ በር አጠገብ፥ ባንዳንዱም ሶፋው ከሰገነቱ በር አጠገብ ይሆናል። ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ሲያዩት እጅግ ጥቂት ነው፤ ለኑሮ ግን ትልቅ ነው። ወዳጃችን ሌሊት ተነሥተው ጸሎት ማድረስ ልማዳቸው ስለ ሆነ፥ አልጋው ከሰገነቱ በር አጠገብ ቢሆን ወደ ውጭ ለመውጣት በሚስታቸው እግር በኩል ማለፍና በሩን በራሳቸው አጠገብ መክፈት ይሆንባቸዋል። ስለዚህ አልጋው ወደ ውስጥ፥ ሶፋው ወደ ሰገነቱ የሆነው እንዲሻላቸው ነገርናቸው። ደግሞ የባሕር መናወጥ የሚያንሰው በመርከቢቱ መካከልና ወደ ታች ባሉት ፎቆች ስለ ሆነ፥ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ለእመቤቲቱ ከመካከል ያለው፥ ከአሳንሰሩም ብዙ ያልራቀው ክፍል ይገባል አልን። ጀበና ይዘው ለመሄድ አስበው ነበርና፥ በመርከብ ክፍል ውስጥ እሳት ማንደድም ዕጣን ማጤስም ክልክል መሆኑን ስንነግራቸው ጥቂት ቅር አላቸው።

ክርክሩ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ወዳጃችን ወጪ ቆጣቢ ሰው ናቸውና «ክፍል ማለት ለመኝታ ነው፤ ቀን ቀን በመርከቢቱ ላይ እየተዘዋወርን ስለምንውል መስኮት የሌለው ይበቃናል፤ ልጂቱንም አናስቸግራት» አሉ። ታናሽ ልጃቸው «አባባ፥ እማማ በተዘጋ ክፍል ሌሊቱን እንዴት ያነጋሉ?» ብሎ ተከራከረ። እመቤቲቱ እስከዚያ ድረስ ቡናውን እየቀዱ ዝም ብለው ነበር። በመጨረሻ ስኒውን አስቀምጠው «እኔ ሰባት ዓመት ያለ ሰገነት ተቀምጫለሁ፤ ለሰባት ቀን ብዬ የልጄን ገንዘብ አላስወጣም» አሉ። ወዳጃችንም እኛም ዝም አልን። ሁላችንም ዓይናችን ሄዶ ያረፈው ከእንግዳ መቀበያው ወዲያ ባለው በተዘጋው በር ላይ ነበር።

የዚያ በር ታሪክ እንዲህ ነው። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መሠራት የተጀመሩት በ1996 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፥ ስቱዲዮ፥ ባለ አንድ፥ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት መኝታ ተብለው ይለያሉ። ስቱዲዮ የሚባለው 20 ካሬ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ ከባለ ሰገነቱ የመርከብ ክፍል ጋራ ይተካከላል፤ ልዩነቱ መንገደኛው ለሰባት ሌሊት የሚያርፍበትን ያህል ስፍራ፥ ከእኛ ዘንድ ቤተ ሰብ ዕድሜውን የሚኖርበት መሆኑ ነው። ቤቱ በዕጣ ስለሚደርስ፥ ባለ ዕጣው ፎቁንም አቅጣጫውንም አይመርጥም፤ ለርሱ የተተወለት ምርጫ በደረሰው ክፍል እንዴት እንደሚኖርበት ብቻ ነው። ወዳጆቻችንም ባለ ሁለት መኝታ ቤት ደርሷቸው በገቡ በዓመቱ፥ ልጆች ሲመጡ ማደሪያ ይሆናል ብለው ብዙዎች በረንዳ የሚሉትን ሰገነት በብረትና በመስተዋት አዘጉት። ያን ጊዜ ምክር ስንጠየቅ፥ እኛም «መልካም ነው፤ አንድ ክፍል ይጨምርላችኋል» ብለን እንደ ነበር መሸሸግ አይገባንም።

ክፍሉ ግን ማደሪያ አልሆነም። ውኃ በሚጠፋበት ቀን የሚያገለግል በርሜል ገባበት፤ ቀጥሎ የከሰል ጆንያ፥ ቀጥሎ አሮጌ ሻንጣና ካርቶን ተከማቸበት። ሕንፃው አሳንሰር የለውም፤ እመቤቲቱ በጉልበታቸው ሕመም ምክንያት ደረጃውን የሚወርዱት ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ብቻ ነው። በፈረንሳይ ለጋሲዮን ሳሉ ጧት ጧት ከደጃፍ ተቀምጠው ፀሐይ እየሞቁ ምስር ይለቅሙ፥ በርበሬ ያሰጡ፥ አላፊ አግዳሚውንም «እንዴት አደራችሁ» ይሉ የነበሩት ሴት፥ ፀሐይን በመስኮት ብቻ የሚያዩ ሆኑ። ስለዚህም ነገር አንድ ቀን እንኳ አቤት ብለው አያውቁም። የመርከቢቱ ፕላን ባይመጣ ኖሮ፥ ዛሬም ባልተናገሩ ነበር።

ይልቁንም የሚያሳዝነው ያ ሰገነት መልካም አቅጣጫ ያለው መሆኑ ነው። በአዲስ አበባ ፀሐይ በእኩለ ቀን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ወደ ሰሜን፥ ከመስከረም እስከ መጋቢት ግን ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ወደ ሰሜን፥ ማለት ወደ እንጦጦ የሚመለከት ሰገነት ያማረ ተራራና ባሕር ዛፍ ያሳያል፤ ነገር ግን ብርድ በሚበረታበት በኅዳርና በታኅሣሥ ጥላ ነው። ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የሚመለከተው በነዚያ ወራት የጧት ፀሐይ ያገኛል። የወዳጆቻችን ሰገነት ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ማዕዘን የሚመለከት ሲሆን፥ ፀሐዩ ለሰባት ዓመት ያህል የሞቀው የከሰሉን ጆንያ ነው።

የመኖሪያን ስፍራ ከማማሩ ይልቅ በምቾቱ መምረጥ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን በእንጦጦ ተራራ ላይ አድርገው በተቀመጡ ጊዜ፥ ስፍራው ለጠላት የማይመችና ሩቅ የሚያሳይ ነበር፤ ዳሩ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው ብርዱና ነፋሱ ይከብድ ነበር፥ ማገዶውም አነሰ። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውኃ ወርደው፥ ሙቀቱንና ሜዳውን ወድደው በ1879 ዓ.ም. በዚያ ቤት አሠሩ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። እንግዲህ ይህች ዋና ከተማ ራሷ፥ ቤት ውስጥ የሚውለው ሰው ብርዱንና ፀሐዩን መዝኖ ከመረጠው ምርጫ የተገኘች ናት ብንል አልተሳሳትንም።

ወዳጃችን በዚያ እሑድ ብዙ አልተናገሩም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ሠራተኛ አስጠርተው መስተዋቱን አስነሡ። በርሜሉ ከማድ ቤቱ ጥግ ተዛወረ፤ ሻንጣው ከአልጋ ሥር ገባ፤ የቀረውም ለሚፈልገው ተሰጠ። እኛ በሳምንቱ ስንሄድ እመቤቲቱን ባንዲት ዝቅተኛ በርጩማ ላይ፥ ፀሐዩን በጀርባቸው ተቀብለው ምስር ሲለቅሙ አገኘናቸው። ስለ መርከቢቱም ወደ ባሕር የሚመለከት ሰገነት ያለው፥ ሶፋው ከሰገነቱ በር አጠገብ የሆነ፥ ከመርከቢቱ መካከል የሚገኝ ክፍል ተመረጠ። የዋጋው ብልጫ እንዲቀልም ተማሪ ቤት ከሚዘጋበት ወራት ውጭ እንዲሄዱ ከልጃቸው ጋራ ተስማሙ።

አንባቢዎቻችን ቤት ሲገዙ፥ ሲከራዩ ወይም በእንግድነት ክፍል ሲመርጡ እነዚህን ነገሮች እንዲያስቡ እንመክራለን። አስቀድሞ፥ የክፍሉን ቍጥር ከመቍጠር በፊት ቀኑን ሙሉ ከቤት የሚውለው ማን እንደ ሆነ ይጠየቅ፤ ፕላኑም ለርሱ ይታይ። ሁለተኛ፥ አልጋው፥ በሩና መታጠቢያው እንዴት እንደ ተሰለፉ በሌሊት እንደሚሄድ ሰው ሆኖ በሐሳብ ይረገጥ። ሦስተኛ፥ ሰገነቱ በኅዳር ጧት ፀሐይ የሚያገኝ መሆኑ፥ ልጆች ካሉም የመከለያው ቁመት ይመርመር። አራተኛ፥ ሰገነት በመስተዋት በተዘጋ ስፍራ ከሰል ማንደድ ጭሱ ባይታይም ነፍስ የሚያጠፋ መርዝ ያለበት ስለ ሆነ፥ ፈጽሞ አይደረግ። አምስተኛ፥ በጋራ ሕንፃ የሚኖር ሰው ሰገነቱን ከመለወጡ በፊት፥ በ1995 ዓ.ም. በወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቍጥር 370 መሠረት የተቋቋመውን የባለቤቶች ማኅበር ያማክር።

ከነዚህ ሁሉ ግን የመጀመሪያው ይበልጣል። በብዙ ቤት ዕቃው የሚቀመጥበት ስፍራ ሲታሰብለት፥ ዕቃውን የምትጠብቀው እናት የምትቀመጥበት ስፍራ ሳይታሰብ ይቀራል። እርሷም አትናገርም። ስለዚህ እስክትናገር ሳንጠብቅ፥ ዛሬውኑ «ፀሐይ የሚሞቁት ከወዴት ነው?» ብለን እንድንጠይቅ ይገባናል።