የተሰረቀውንም አትግዛ

በዊንጌት አደባባይ አካባቢ መንገድ ዳር ያደረች መኪና ባለቤቷ ማልዶ ሲወጣ ስፖኪዮዋ ተነቅሎ፣ የተቆረጠው ሽቦ ብቻ ከበሯ ላይ ተንጠልጥሎ ቢያገኘው፣ ጎረቤቱም ጋራዥ ያለው ወዳጁም የሚሰጡት ምክር «ለፖሊስ አመልክት» የሚል ሳይሆን «ሳይሸጥብህ ቶሎ ሶማሌ ተራ ውረድ» የሚል ነው። ሰውየውም ወደዚያ የመኪና መለዋወጫ ገበያ ይወርዳል፤ ያስቀረጸው የታርጋ ቁጥር ተፍቆ ግማሹ የቀረበትን የገዛ መስተዋቱን አገላብጦ ያየዋል፤ ተከራክሮም በገንዘቡ ይገዛዋል። ከዚህም የሚያሳዝነን፣ የእርሱ የጠፋ እንደሆነ የሌላውን ሰው ስፖኪዮ ገዝቶ፣ ዋጋ ስለቀነሱለት ፈጣሪውን እያመሰገነ መመለሱ ነው።

ከዐሥርቱ ቃላት መካከል «ኢትስርቅ» የሚለውን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ሆኖም ትእዛዙን በጨለማ እጁን ለሚዘረጋው ወጣት ብቻ የተነገረ አድርገን፣ በቀን ብርሃን ኪሱን የሚፈታውን ገዢ ከሕጉ ውጭ አስቀርተነዋል። መጻሕፍቱ ግን እንዲህ አላሉም። ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 22 የተሰረቀው በሬ ከነሕይወቱ በሌባው እጅ ቢገኝ እጥፍ፣ ታርዶ ወይም ተሸጦ ከሆነ ግን አምስት እጥፍ እንዲከፈል ሲያዝ፣ ሽያጩ በደሉን እንደሚያከብደው ያስረዳል፤ በ49ኛው መዝሙርም ወቀሳው የሚወርደው ሌባን አይቶ ከእርሱ ጋር በሚተባበረው ላይ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችንም የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ዕቃ የሚቀበለውን፣ የሚገዛውንና የሚሸጠውን በመሸሸግ ወንጀል ይቀጣል።

በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል ባሕር ተሻግሮ ቤልጅግ ድረስ የደረሰው ገዢ ስለነበረው ነው። በ1993 ዓ.ም. ወደ መንበሩ ሲመለስ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። ለዚያ መስቀል እንዲህ የተቆረቆርን ሰዎች ለጎረቤታችን መኪና መስተዋት ኅሊናችን እንዴት ዝም ይላል?

የመለዋወጫ ዕቃ ዋጋ ከባለታክሲው አቅም በላይ መሆኑን አንዘነጋም። በሶማሌ ተራም ቀረጥ ከፍለው፣ ደረሰኝ ቆርጠው በቅንነት የሚነግዱ ብዙዎች እንዳሉ እናውቃለን፤ በዚህ ገበያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚከስሩትም እነርሱ ናቸው። ነገር ግን ችግሩ እውነት ቢሆንም፣ ዛሬ በርካሽ የገዛነው ለሌባው የነገ ሌሊት ስምሪት የከፈልነው ደመወዝ መሆኑን አያስቀርም።

ስለዚህ ይህ ጋዜጣ የሚጠይቀው እንዲህ ነው። የንስሐ አባቶች የነፍስ ልጆቻቸውን «ሰርቃችኋልን?» ብለው ብቻ እንዳያሰናብቱ፣ «የገዛችሁትን ከማን ገዛችሁት?» ብለው እንዲጨምሩ፣ በጉለሌ መስጊዶች የሚያስተምሩ ኡለማዎችም ይህንኑ በጁምዓ ትምህርታቸው እንዲያነሡ እንለምናለን። እ.ኤ.አ. በ1946 በተከፈተውና ዛሬ የእጅ ሙያ በሚሰጠው በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት የሚማር ወጣትም፣ ነገ ጋራዥ ገብቶ ያለ ደረሰኝ የመጣ ስፖኪዮ ግጠም ሲባል፣ መፍቻውን አስቀምጦ «ይህ የማን ነው?» ብሎ ለመጠየቅ እንዲደፍር፣ መምህሩ ከብሎን አጠባበቅ ጋር አብሮ ያስተምረው።