የእጅ ሥራ በቤታችን፦ ለጀልባ ተሳቢ በጥቂት ወጪ የሚሠራ መሪ ምሰሶ

በዚህ ዓምድ ዘወትር የምንነጋገረው አባወራውም ሆነ እመቤቲቱ በገዛ እጃቸው ሠርተው ቤታቸውን ሊጠቅሙበት ስለሚችሉት ነገር ነው። የዛሬው ጽሑፋችን በተለይ የሚመለከተው በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩትን ቤተ ሰቦች ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሚኔሶታ ስፋታቸው ከ10 ኤከር ያላነሰ 11,842 ሐይቆች ይገኛሉ። እንዲህ ባለ አገር አንድ ቤተ ሰብ ዓሣ ለማጥመድና በሙቀት ወራት ልጆቹን ለማናፈስ ያገለገለ ትንሽ ጀልባ ቢገዛ የሚያስደንቅ አይደለም።

ይሁን እንጂ ጀልባውን ከመንዳት ይልቅ የሚያስቸግረው ከውሃ አውጥቶ በተሳቢው ላይ መጫኑ ነው። ተሳቢው በመኪና ኋላ ታስሮ በተዳፋቱ መንገድ ወደ ውሃው ይገባል፤ ጀልባውም ተንሳፎ ይመጣና ምንጣፍ በለበሱት መደገፊያ እንጨቶች ላይ ያርፋል። ነገር ግን ተሳቢው ውሃ ውስጥ በገባ ጊዜ ከዓይን ይሰወራል። ነፋስ ከጎን ቢነፍስ ወይም ወራጅ ውሃ ቢሆን፣ ጀልባው ወደ አንድ ወገን ይገፋል። በዚህ ጊዜ ከቤተ ሰቡ አንዱ፣ ብዙ ጊዜም ጎልማሳው ልጅ፣ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ ጀልባውን በእጁ ሊያቀና ይሞክራል። ከነሞተሩና ከነነዳጁ ብዙ መቶ ኪሎ የሚመዝነውን ነገር ማዕበል ሲገፋው የሰው ክንድ አያቆመውም፤ በጀልባውና በብረቱ መካከል የገባ ጣት ይቀጠቀጣል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ አደጋው ከመድረሱ በፊት መላ መፈለግ ይገባል።

መላውም ቀላል ነው። በተሳቢው የኋላ ጫፍ ግራና ቀኝ ሁለት መሪ ምሰሶዎች ይቆማሉ። ተሳቢው ቢሰወርም ምሰሶዎቹ ከውሃው በላይ ስለሚታዩ ጀልባውን የሚነዳው ሰው መግቢያውን ያውቃል፤ ጀልባውም በመካከላቸው ሲያልፍ መንገዱን ይይዛል። ከዚህም ሌላ ባዶ ተሳቢ ወደ ኋላ ሲነዳ በመኪናው መስታወት ለማየት ያስቸግራልና፣ ምሰሶዎቹ ለሾፌሩ ምልክት ይሆኑታል።

ተሠርቶ የተዘጋጀው በገበያ ይሸጣል፤ በቤት የተሠራው ግን በርካሽ ያልቃል። ቢሆንም ቁጠባ የራሱ ቦታ እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል። ከጀልባው ጋር የሚነካካው የፕላስቲክ ቧንቧ ርካሽ ቢሆን ጉዳት የለውም፤ ቢሰበር በቀላሉ ይለወጣል። ምሰሶውን ከተሳቢው ጋር የሚያያይዘው ቡሎን ግን ርካሽና የሚዝግ ከሆነ፣ በአውራ ጎዳና ላይ ተፈትቶ ከኋላ በሚመጣው መኪና ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የተቆጠበው ገንዘብ ለቡሎኑ ይዋል እንላለን።

ርዝመቱ ከ14 እስከ 16 ጫማ ለሚሆን ቀላል ጀልባ የሚያስፈልገው ዕቃ ይህ ነው፤ ዚንክ የለበሰ የ1 ኢንች የብረት ቧንቧ፣ ይኸውም አንድ አግዳሚና ሁለት ቋሚ፤ ሁለት ጎሚቶ፤ አንድ የ10 ጫማ ርዝመት ያለው የ1 ኢንች ተኩል የፒቪሲ ቧንቧ፤ ሁለት ክዳን፤ እንዲሁም የተሳቢውን ብረት የሚያቅፉ አራት ባለ ማዕዘን ዩ ቡሎኖች ከነዳዶአቸው። የ1 ኢንቹ ብረት በፒቪሲው ውስጥ ልል ሆኖ ስለሚገባ፣ ጀልባው ሲነካው ፕላስቲኩ እንደ መዘውር ይዞራል፤ ቀለሙንም አይፍቅም።

ከመቁረጥ በፊት መለካት ይቀድማል። ጀልባው በተሳቢው ላይ በትክክል እንደ ተቀመጠ፣ በደልዳላ መሬት ላይ ይለካ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ይኸውም ምሰሶው ከሚቆምበት አንጻር ያለውን የጀልባውን ስፋት ብቻ መለካት ነው። ጀልባው ግን በሙሉ በምሰሶዎቹ መካከል ስለሚያልፍ፣ የሚለካው የትም ይሁን የት እጅግ ሰፊው ክፍል ነው። ከዚያም በየጎኑ ከ1 እስከ 2 ኢንች ክፍተት ይተዋል። የምሰሶው ቁመት ጀልባው ከተጫነ በኋላ ከጠርዙ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ስፋት በአሜሪካ ዋና ዋና ጎዳናዎች ከተፈቀደው ከ102 ኢንች ማለፍ የለበትም፤ የኋላ መብራትንና የሰሌዳ ቁጥርንም መሸፈን አይገባውም።

አግዳሚው ቧንቧ የጀልባውን ሆድ እንዳይነካ ሆኖ ከተሳቢው የኋላ አግዳሚ ብረት ጋር በአራቱ ቡሎኖች፣ ሁለቱ በግራ ሁለቱ በቀኝ፣ ተራርቀው ይታሰራል። የተሳቢውን ብረት በትራፓኖ መብሳት ያደክመዋል፤ መበየድም የዚንኩን ልባስ አቃጥሎ ለዝገት ይሰጠዋል። ስለዚህ ማሰር እንጂ መብሳትና መበየድ አይገባም። በየጫፉ ጎሚቶው ወደ ላይ ዞሮ ይገጠምና ቋሚው ይቆምበታል። ጥርሱ በንዝረት እንዳይፈታ ጎሚቶውንና ቧንቧውን አብሮ የሚያልፍ ቀጭን የማይዝግ ቡሎን ይግባበት። ከዚህ በኋላ ፒቪሲው ይጠለቅና ክዳኑ ይደፋበታል። ነጭ ፕላስቲክ በፀሓይ ብዛት እየደረቀ ስለሚሰነጠቅ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ነጣ ያለ ቀለም ቢቀባ ዕድሜው ይረዝማል። ተቆርጦ ዚንኩ የለቀቀው የብረት ጫፍም የዚንክ ቀለም ይቀባ።

አንድ ትንሽ ነገር ግን አትረሳ፤ በአግዳሚው ቧንቧ ሥር በሁለቱም ጫፍ ሩብ ኢንች የሚያኽል ቀዳዳ ይበሳ። ቀዳዳ ከሌለው ውሃ በውስጡ ይቀራል፤ በክረምቱ ብርድ በረዶ ሆኖ ብረቱን ይሰነጥቃል። ከዚህ የከፋው ደግሞ፣ ዜብራ መስል የሚባለው ባዕድ ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳ ጫጩቶቹ በዓይን የማይታዩ ስለ ሆኑ፣ በቀረው ውሃ ተጭነው ወደ ሌላ ሐይቅ ይሻገራሉ። የሚኔሶታ ሕግም ከሐይቁ ከመነሣት በፊት ውሃው ሁሉ እንዲፈስና የጀልባው ውሃ ማፍሰሻ ውታፍ ተነቅሎ እንዲጓዝ ያዝዛል። በባሕር ውሃ የገባ ተሳቢ ደግሞ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ።

ሥራው ሲያልቅ ምሰሶዎቹ በእጅ በብርቱ ተገፍተው ይፈተኑ፤ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላም ዳዶዎቹ እንደ ገና ይጠበቁ። በሐይቁ ዳር ተሳቢው ከመጠን በላይ ጠልቆ ከገባ ጀልባው ከመደገፊያው ላይ ተንሳፎ ይዋልላል፤ ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ ማስገባት ይሻላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና። የመኪናው የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ሕፃናት ከተዳፋቱ ርቀው ይቁሙ፤ ማንም ሰው በጀልባውና በተሳቢው መካከል አይግባ።

በመጨረሻም የምናሳስበው ምሰሶው መሪ እንጂ አሳሪ አለመሆኑን ነው። ጀልባውን በጉዞ ላይ የሚይዘው ከፊት የመጎተቻው ገመድና ሰንሰለት፣ ከኋላም የማሰሪያው ጠፍር ነው። ምሰሶው ቆሟል ተብሎ ጠፍሩ ከላላ፣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። እያንዳንዱ ዕቃ የተሠራበትን ሥራ ብቻ ሲሠራ፣ በጥቂት ወጪ የተሠራው መሣሪያ የልጅን እጅ ከመቀጥቀጥ ያድናል፤ ቤተ ሰቡም ወደ ሐይቁ እንደ ሄደ በደኅና ወደ ቤቱ ይመለሳል።